ቮልሷ፣ ጭጋጉና የግቤ ዳገት፦ በጅማ የአንዲት አሮጌ መኪና የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ጥገና

ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው። ጅማ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድባት ባደረ አንድ ማለዳ፣ ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ መምህር ሰማያዊ ቮልሳቸውን እየነዱ ጋራዣችን ግቢ ገቡ። በቀኝ እጃቸው መሪ፣ በግራቸው ጨርቅ ይዘዋል። የፊት መስታወቱን ከውስጥ እየወለወሉ ነው ከቤታቸው እስከ እኛ የደረሱት። ሰላምታ እንደተለዋወጥን፣ "ልጄ፣ ሁለት በሽታ ይዤ ነው የመጣሁት" አሉኝ። "አንደኛ፣ ክረምት በገባ ቁጥር መስታወቱ ጭጋግ እየያዘ መንገድ አያሳየኝም። ሁለተኛ፣ ግቤን ስወጣ ሞተሩ ይግላል፣ ጉልበት ያጣል፣ የዘይቱ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።"

በሁለት የሥራ ወረቀት ጻፍኳቸው። አንዱ ላይ "ማሞቂያ የለም"፣ ሌላው ላይ "ሞተር ይግላል"። ሞተሩ ወርዶ መሬት ላይ ሲቀመጥ ሁለተኛው ወረቀት ትርፍ እንደነበር ገባኝ።

መኪናዋ

ቮልሷ 1300 ናት፣ በፈረንጅ 1968 ሞዴል። ሞተሯ 1,285 ሲሲ፣ 40 የፈረስ ጉልበት። መምህሩ ከአባታቸው የወረሷት ናት። ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያመላለሱባት፣ ቡና የጫኑባት፣ አንድ ጊዜም ሙሽራ የወሰዱባት መኪና ስለሆነች "ሽጧት" የሚላቸውን ሰው ፊት ይነሡታል።

ቮልስ ውሃ እንደሌላት አንባቢው ያውቅ ይሆናል። ራዲያተር የለም፣ የውሃ ፓምፕ የለም፣ የሚፈላ ነገር የለም። መምህሩ እንዳወጉኝ ባለፈው ዓመት ዳገቱን ጨርሰው ወልቂጤ ላይ ሞተሩን ለማብረድ ሲቆሙ፣ አንድ ጎረምሳ ባልዲ ውሃ ይዞ እየሮጠ መጣና መኪናዋን ሦስት ጊዜ ዞረ። በመጨረሻ "ጋሼ፣ የት ነው የምጨምረው?" አላቸው። እሳቸውም ውሃውን ተቀብለው ፊታቸውን ታጠቡበት።

ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ነው። በዲናሞው ዘንግ ጫፍ ቬንቲሌተር ታስሯል። ቺንጋው (የሞተሩ ቀበቶ) ዲናሞውን ሲያዞር ቬንቲሌተሩ አብሮ ይዞራል፣ ያውም ከሞተሩ ፍጥነት ወደ እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት። ከኋላ መስታወት ሥር ካሉት ቀዳዳዎች ቀዝቃዛ አየር ይስባል፤ ከላይ በተደፋው ትልቅ የላሜራ ቤት በኩል በአራቱ ሲሊንደሮች ላይ ቁልቁል ይነፋዋል፤ የሞቀው አየር በመኪናዋ ሥር ይወጣል። እንግዲህ ማሞቂያዋም ከዚሁ ነፋስ የምትኖር ናት። ከላሜራው ቤት ግራና ቀኝ ሁለት አፎች አሉ፣ የሲኒ አፍ የሚያህሉ። በእነሱ በኩል ጥቂቱ አየር ተከፍሎ ወደ ሁለት ሳጥኖች ይወርዳል። ሳጥኖቹ የፊተኞቹን ሁለት ሲሊንደሮች የጭስ ማውጫ ቱቦ እንደ እጅጌ አቅፈው የያዙ ናቸው። አየሩ ግለቱን ከቱቦው ላይ ይወስድና በበሮቹ ሥር ባለው ባዶ የላሜራ ቦይ አልፎ ወደ እግርና ወደ ፊት መስታወት ይሄዳል። አንድ ነፋስ ነው፣ ሞተሩና ሰዎቹ የሚካፈሉት።

"ጅማ ላይ ማሞቂያ ለምን?" የሚል ይኖራል። የመምህሩ ልጅ ራሷ ጀርመን ሆና በስልክ የጠየቀችው ይህንኑ ነው። ብርዱ አይደለም ጉዳዩ። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ ዝናቧም ለጋስ ነው። ክረምት ላይ ልብሳቸው የረጠበ ሦስት ሰዎች እዚያች ጠባብ መኪና ውስጥ መስኮት ዘግተው ሲተነፍሱ መስታወቱ በሁለት ደቂቃ ወተት ይመስላል። መስኮት ቢከፍቱ ዝናብ ይገባል። የሞቀ አየር ግን እርጥበቱን ይሸከማል፣ መስታወቱም ይጠራል። ከመርካቶ ወደ ጅሬን ሲወጡ፣ ባጃጅ በግራ፣ አህያ በቀኝ በሆነበት መንገድ ላይ፣ ይህ የምቾት ነገር አይደለም።

የበሽታው ታሪክ

ከአራት ዓመት በፊት መኪናዋ ውስጥ ጭስ ጭስ ይሸት ጀመር። ልጆች ሲሳፈሩ ራስ ምታት ይይዛቸዋል። በሌላ ከተማ ያለ አንድ ባለሙያ አየና የማሞቂያ ሳጥኖቹ ዝገው መበሳታቸውን አወቀ። ቆርጦ ጣላቸውና በምትካቸው ባዶ ቱቦ በየደ።

ይህን ባለሙያ ሙሉ በሙሉ ልነቅፈው አልችልም። ሳጥኑ ውስጥ ያለው የጭስ ቱቦ ከተበሳ ጭሱ በማሞቂያው መንገድ ቀጥታ ወደ ሰው ይገባል። መምህሩ እዚህ ላይ ሙያቸው ተነሥቶባቸው ጋራዡ ውስጥ ትምህርት ሰጡን። በጭሱ ውስጥ ያለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ራሱ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የሚሸተው አብሮት የሚመጣው ጭስ ነው። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። "ስለዚህ ራስ ምታቱ ማስጠንቀቂያ ነበር" አሉ ለረዳቴ፣ ጥያቄ የሚጠይቁት ይመስል እያዩት። ረዳቴ "አዎ መምህር" አለ፣ ቁልፉን ይዞ ቆሞ።

የባለሙያው ስህተት ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሳጥኖቹን ሲያወጣ ከላይ ያሉትን ሁለቱን የሲኒ አፎች ክፍት ትቷቸዋል። ሳጥን ከሌለ አፎቹ መደፈን አለባቸው፣ አለዚያ ቬንቲሌተሩ ለሲሊንደሮቹ የሚነፋው አየር በዚያ በኩል ይባክናል። ከሳጥኖቹ ጋር የሚያያዙትን የሥር ላሜራዎችም አልመለሳቸውም፤ ምናልባት የት እንደሚገቡ አላወቀም፣ ምናልባት ዝገው ነበር።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋ መጋል ጀመረች። መምህሩም ሦስት ጋራዥ ዞሩ። አንዱ የዘይት ፓምፕ ቀየረላቸው። አንዱ 50 ቁጥር ወፍራም ዘይት ሞላላቸው። ሦስተኛው የሞተሩን ኮፈን በዱላ ደግፈው ከፍተው እንዲነዱ መከራቸው። ዱላዋን አይቻታለሁ፣ ጥሩ የወይራ ዱላ ናት። በእሷ በኩል የገባው ዝናብ ግን ዲናሞውንና ካንዴላዎቹን ሲያጥብ ከርሟል።

ወፍራሙ ዘይት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ቮልስ የምትይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ነው። የዘይት ፊልትሮ የላትም፣ ወንፊት ብቻ ነው ያላት፣ ሞተሩንም በማቀዝቀዝ በኩል ዘይቱ ትልቅ ድርሻ አለው። ዘይቱ ከመጠን በላይ ሲወፍር ግፊቱ ይጨምርና የግፊት መቆጣጠሪያው ዘይቱን ወደ ዘይት ማቀዝቀዣው ሳይልክ አሳልፎ ይመልሰዋል። ሰውዬው ያቀዘቀዘ መስሎት የማቀዝቀዣውን በር ዘጋው ማለት ነው።

ልኬት

ሞተሩን ከማውረዴ በፊት ቁጥር ፈለግሁ። መምህሩ ከቤታቸው የብርጭቆ ቴርሞሜትር አምጥተው በዘይት መለኪያው ቀዳዳ እንክተተው አሉ። ሜርኩሪና ብርጭቆ ሞተር ውስጥ ሲሰበር ታይቶኝ እምቢ አልኩ። ከመልቲሜትር ጋር የሚሠራ የሙቀት ሽቦ በመለኪያው ዘንግ ቦታ አስገብተን እስከ ሰርቦ ደርሰን ተመለስን። ሰማዩ ደመና፣ መንገዱ እርጥብ፣ ፍጥነታችን የሽማግሌ። ሆኖም ዘይቱ 126 ዲግሪ ደረሰ። ከ120 ሲያልፍ ለእኔ የአደጋ ወሬ ነው፤ በግቤ ዳገት፣ በጥር ፀሐይ ምን ያህል እንደሚደርስ መገመት አያቅትም።

ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ አየር አምቀው የሚይዙበትን ግፊት) ስንለካ ሦስቱ ሲሊንደሮች ወደ 7 ባር ተጠጉ። ሦስተኛ ቁጥሩ ሲሊንደር ግን 4 ተኩል ላይ ቀረ። የቮልስ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነቅም። በዚህ ዘመን ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው ቀጥ ብሎ የሚቆመው በላሜራው ቤት ውስጥ፣ ከሦስተኛው ሲሊንደር በላይ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው የሚያገኘው ነፋስ ዘይቱን አቀዝቅዞ የሞቀ፣ የተረፈ ነፋስ ነው። ነፋስ ሲጎድል መጀመሪያ የሚቃጠለው የእሱ የጭስ ቫልቭ ይሆናል። ፋብሪካው ራሱ ይህን አይቶ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ከመንገድ ገለል አድርጎ የራሱ አየር መውጫ ሰጥቶታል። የመምህሩ ግን የ1968 ናት።

ሲከፈት የተገኘው

የቮልስ ሞተር በአራት ብሎን ነው የሚታሰረው። ሁለት ሰውና አንድ ክሪክ ይበቃል፤ ከምሳ በፊት መሬት ላይ ነበር።

የላሜራውን ቤት ስናነሣ ረዳቴ ሳቀ። ውስጡ የአይጥ ጎጆ ነበር፣ ያውም ከቡና ገለባ የተሠራ። መኪናዋ የምታድረው መምህሩ ቡና በሚያከማቹበት መጋዘን ጥግ ነው። አይጧ ክረምቱን ሞቅ ባለ ቤት ለማሳለፍ አስባ ገለባውን በቬንቲሌተሩ መግቢያ በኩል አጓጉዛዋለች። ግማሹ ገለባ ከሚያልበው ዘይት ጋር ተለውሶ የዘይት ማቀዝቀዣውን ክንፎች እንደ ምርጊት ደፍኗቸዋል። በዚያ በኩል ነፋስ አያልፍም ነበር። ለሦስተኛው ሲሊንደር የሚደርሰው የተረፈ ነፋስ ነው ብዬ ነበር፤ ይኸው የተረፈውም አልደረሰውም።

ሌላው ሁሉ ጎማና ቆርቆሮ ነው። በሞተሩና በመኪናዋ አካል መካከል ዙሪያውን የሚታሸገው ጎማ ሲሦው የለም። ይህ ጎማ ዝናብ መከላከያ የሚመስላቸው አሉ። ሥራው ግን ከላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ከሥር ካለው የጋለ አየር መለየት ነው። ከጎደለ ቬንቲሌተሩ አሁን የተፋውን ሙቀት መልሶ ይጠጣል። የካንዴላ ገመዶቹ ላሜራውን በሚያልፉበት ቀዳዳ የሚገቡት ጎማዎች ከአራቱ ሦስቱ ጠፍተዋል። ቺንጋው ላልቷል። በሙቀቱ ልክ የአየሩን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው ቴርሞስታት የለም። ዘንጉም የለም። በላሜራው ቤት ውስጥ አየሩን የሚከፍቱና የሚዘጉት ክንፎች በግራ በኩል ግማሽ እንደተዘጉ ዝገው ደርቀዋል።

ሁለቱን የሥራ ወረቀቶች አንድ ላይ በስቴፕለር መታኋቸው። መምህሩን ጠርቼ ጎጆውን ሳሳያቸው ረጅም ጊዜ አዩትና፣ "ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። እኔ ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ለአይጥ ነው ቤንዚን የምቀዳው" አሉ።

ዕቃ ፍለጋ

የቮልስ ዕድል ከ21 ሚሊዮን በላይ መመረቷ ነው። የመጨረሻዋ በፈረንጅ 2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ላይ ብትሠራም ዕቃዋ ዛሬም ይመረታል። ሁለቱን የማሞቂያ ሳጥኖችና ቴርሞስታቱን ልጃቸው ከጀርመን በሻንጣዋ አመጣች። ከመግዛቷ በፊት የድሮውን ሞተር ቁጥር ፎቶ አንሥተን ልከንላታል፤ የየዓመቱ ሳጥንና ላሜራ ይለያያልና በግምት የተገዛ ዕቃ ጋራዥ ጥግ ላይ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። የካንዴላ ጎማዎችን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አገኘን። የሥር ላሜራዎቹን ካርቶን ቆርጬ ልክ አወጣሁና እዚሁ ጅማ ቆርቆሮ የሚሠራ ጎረቤታችን አጠፋቸው። ከፋብሪካው አያምሩም። ነፋሱ ግን ውበት አይጠይቅም።

የዙሪያውን ጎማ በከመነዳሪ ለመተካት ሞክሬ ነበር። ቆርጬ አጠፍኩት፣ አስገባሁት፣ ሞተሩ ሲነሣ ቬንቲሌተሩ ስቦ ወደ ውስጥ ጎተተው። ትክክለኛው ጎማ በሁለት በኩል ጎድጎድ ያለ ነው፤ አንዱ ጎድጓዳ የአካሉን ጠርዝ ይነክሳል፣ ሌላው የሞተሩን ላሜራ ያቅፋል። እሱም ከአዲስ አበባ መጣ፣ አሥር ቀን አስጠብቆ።

ቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ ራስ) ቶርኖ ቤት ሄዶ የሦስተኛው ቫልቭ ተቀየረ። ከሁሉም ዕቃ ይልቅ ኪሳቸውን የጎዳው ይህ ነው፣ እሱም የነፋሱ መጥፋት ዕዳ ነው። የቫልቮቹን ክፍተት ሞተሩ በረዶ ሆኖ በ0.15 ሚሊ ሜትር አስተካከልኩት። ዘይቱን ወደ ሃያ ደብሊው ሃምሳ መለስኩ።

የእኔ ስህተት

ሁሉን ገጥመን፣ ሳጥኖቹን አስረን፣ እንደገና ወደ ሰርቦ ወጣን። ዘይቱ 131 ዲግሪ። ከመጀመሪያው የባሰ!

መምህሩ ምንም አላሉም። ያ ዝምታ ከስድብ ይከብድ ነበር።

ቴርሞስታቱ በቀኝ በኩል ከሲሊንደሮቹ ሥር የሚቀመጥ፣ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ የናስ ቆርቆሮ ነው። ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይለጠጥና በዘንግ ክንፎቹን ይከፍታል። እኔ ያሠርኩት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ክንፎቹ ተዘግተው፣ የያዘውን ብረት ዝቅ አድርጌ ነው። ስለዚህ ተለጥጦ ጨርሶም ክንፎቹን ከግማሽ በላይ አላነሣቸውም። ትክክለኛው መንገድ ተቃራኒው ነው፤ ክንፎቹን በእጅ ሙሉ ለሙሉ ከፍቶ፣ የቴርሞስታቱ ጫፍ የብረቱን የላይኛ ጠርዝ ሲነካ ያን ጊዜ ብሎኑን ማጥበቅ። አሥር ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነበር። አስተካክዬ በማግስቱ በዚያው መንገድ ስንሄድ 101 ላይ ቆመ፣ ከዚያም አላለፈም።

ብዙ ባልደረቦቼ "አገራችን ሙቅ ናት" ብለው ቴርሞስታቱን ነቅለው ይጥላሉ። ጅማ ማለዳ ላይ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ፣ ማሞቂያውም ቶሎ እንዲሠራ እኔ እፈልገዋለሁ። ዕቃው ጨርሶ ካልተገኘ ግን ክንፎቹን ከፍቶ በሽቦ ማሰር ይቻላል። ክንፎቹን ራሳቸውን ነቅሎ መጣል ግን አልስማማም፤ ነፋሱን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመሩት እነሱ ናቸው።

ከጭሱ ጋር በተያያዘ መምህሩ አልተዉኝም። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ እየሠራ የማርሚታውን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ ከደን አድርገን፣ መጋጠሚያው ሁሉ ላይ የሳሙና ውሃ ቀባን። በቀኙ ሳጥን ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያው ማሸጊያ) ላይ አረፋ ተነሣ። ፈትተን ቀየርነው። ሁለተኛ ጊዜ አረፋ አልነበረም፣ ያኔ ብቻ ነው ከእጅ ፍሬኑ አጠገብ ያለውን የማሞቂያ ዘንግ እንድከፍት የፈቀዱልኝ።

አነዳዱ

ቁልፉን ሳስረክባቸው ሁለት ነገር ነገርኳቸው። የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ ወዲያው ቁሙ፣ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ በሌላ መኪና ባትሪ እየበሉ መሄድ ይቻላል፣ በቮልስ ግን ቺንጋ ከሌለ ነፋስ የለም። ሁለተኛው ያከራከረን ነው። መምህሩ ዳገት ላይ ሞተሩ እንዳይደክም ብለው ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆነው ነዳጁን እስከ ወለል ይረግጣሉ። በዚያ አኳኋን ሞተሩ ብዙ ይሸከማል፣ ዙሩ ግን ትንሽ ነው፣ ቬንቲሌተሩም በዚያው ልክ ቀስ ብሎ ይዞራል። ወደ ሁለተኛ ቢያወርዱ ጩኸቱ ይጨምራል፣ ነፋሱም ይጨምራል።

"ሃምሳ ዓመት ነድቻለሁ እኮ" አሉ።

"አውቃለሁ ጋሼ። ግቤ ላይ ብቻ ይሞክሩልኝ።"

ከሳምንት በኋላ ወልቂጤ ሆነው ደወሉ። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ወጥተውታል፣ የዘይቱ መብራት ሞተሩ በሚኒሞ ሲሆንም አልበራም፣ ከሶኮሩ እስከ አበልቲ ዝናብ ቢይዛቸውም መስታወቱ ጠርቶ ነበር። "ግን" አሉ፣ "ቀኝ እግሬ ሲሞቅ ግራ እግሬ በረዶ ነው።" ይህንንም እጠብቀው ነበር። በግራው በር ሥር ያለው ቦይ በጭቃ ዝጎ ተበስቷል፤ የሞቀው አየር ግማሹ በመንገድ ላይ ይፈሳል። ቦዩ የመኪናዋን አካል የሚሸከም ብረት ስለሆነ በዝናብ ወራት ቆርጦ መበየድ አልፈለግሁም። ለኅዳር ቀጠሮ ይዘናል። እስከዚያ መምህሩ በግራ እግራቸው ሁለት ካልሲ ያደርጋሉ፣ የመጋዘናቸው ጥግ ላይ ደግሞ ድመት አስገብተዋል።